ድምፅ የሚሰጠው የትኛው ሹፌር ነው? የትርፍ ጊዜና የሙሉ ጊዜ የኡበር ሹፌሮች ጠብ በአሜሪካ

የሲያትል ከተማ ምክር ቤት በዲሴምበር 2015 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኡበርና የሊፍት ሹፌሮች በማኅበር ተደራጅተው ከኩባንያዎቹ ጋር እንዲደራደሩ የሚፈቅድ ደንብ ያለ አንድም ተቃውሞ አጸደቀ። በአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። ደንቡ ግን ሥራ ላይ ሊውል ሲል አንድ ጥያቄ ተደቀነበት። ማኅበሩን ለመምረጥ ድምፅ የሚሰጠው «ሹፌር» ማን ነው? ሳምንቱን ሙሉ ከመሪው የማይነሣው ነው ወይስ ደመወዙን ከሌላ መሥሪያ ቤት እየተቀበለ ዓርብ ማታ ሦስት ሰው አድርሶ ወደ ቤቱ የሚገባው?

ኡበር ሁሉም ይምረጥ አለ። ሹፌሮቹን ሊያደራጅ የተነሣው የቲምስተርስ ሠራተኛ ማኅበር ቅርንጫፍ፣ ሎካል 117፣ ኑሮው በሥራው ላይ የቆመ ሰው ይምረጥ አለ። ሁለቱም ስለ ፍትሕ ይናገሩ እንጂ ሁለቱም ቁጥሩን አስልተው ነበር። ሁሉም ይምረጥ ከተባለ አፑን አንድ ጊዜ ከፍቶ የረሳው ሁሉ መዝገብ ላይ ይገባል፤ ማኅበሩም ሊያገኛቸው ከማይችላቸው ሰዎች አብላጫውን ፊርማ መሰብሰብ ይኖርበታል። ከተማው በመጨረሻ መስመር አሰመረ። ባለፉት 12 ወራት ውስጥ በአንዱ የሦስት ወር ጊዜ ቢያንስ 52 ጉዞ የሠራ ይመርጣል። በሳምንት አራት ጉዞ መሆኑ ነው። የሙሉ ጊዜ ሹፌር ከቁርስ እስከ ምሳ የሚጨርሰው ሥራ ነው። ይህም መስመር ቢሆን ጥብቅ ነው ተብሎ ክርክር ተነሣበት።

ደንቡ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። የአሜሪካ ንግድ ምክር ቤት ከሰሰ፣ በ2018 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የነፃ ውድድር ሕጉን በተመለከተ ለከተማው አልፈረደም፣ ከተማውም ትኩረቱን ወደ ዝቅተኛ ክፍያ አዞረ። ጥያቄው ግን እዚያው ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ራይድሼር (እንደ ኡበርና ሊፍት በስልክ አፕ ስለሚጠራ መኪና) ሥራ በአሜሪካ የወጣ ሕግ ሁሉ በሆነ መልኩ ያንኑ መስመር ደግሞ እያሰመረ ነው።

እነዚህ ሁለት ወገኖች ለምን አይዋደዱም? የኤርፖርት መጠበቂያ ሎት ላይ መስኮት ዝቅ አድርጎ የሚወራውን የሰማ መልሱን ያውቀዋል። የሙሉ ጊዜው ሹፌር እንዲህ ይላል፦ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ገበያው ሲሞት ተቀምጬ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ሰኞ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥቼ ኤርፖርት የማደርሰው እኔ ነኝ። ዓርብ ማታ ዋጋው ሲወጣ፣ ቅዳሜ ኳስ ሲያልቅ፣ ያን ጊዜ የትርፍ ጊዜው ሰው ይመጣና የሳምንቱን ፍሬ ለቅሞ ይሄዳል። የትርፍ ጊዜው ሹፌር ደግሞ እንዲህ ይላል፦ እኔም አምሮኝ አይደለም። የሆስፒታሉ ደመወዝ የቤት ኪራይ ስለማይሸፍን ነው። ሰው በሚፈለግበት ሰዓት ወጥቼ መሥራቴ ጥፋቱ ምንድን ነው?

ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ቁጥሩም ለሁለቱም ይመሰክራል። ኡበር በራሱ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ከፕሪንስተኑ ኢኮኖሚስት አለን ክሩገር ጋር ባወጣው ጥናት መሠረት በ2014 መጨረሻ ከሹፌሮቹ 51 በመቶው በሳምንት ከ15 ሰዓት ያልበለጠ ነበር የሚነዱት። ከ50 ሰዓት በላይ የሚነዱት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ኩባንያዎቹ ይህን ዓይነት ቁጥር ፖለቲከኛ ፊት በቀረቡ ቁጥር ይዘው ይቀርባሉ፤ «ሹፌሮቻችን ነፃነት እንጂ ቅጥር አይፈልጉም» ለማለት። ነገር ግን ሹፌር መቁጠርና ሥራ መቁጠር ለየቅል ናቸው። በ2020 ለሲያትል ከተማ ጥናት ያደረጉት ጄምስ ፓሮትና ማይክል ራይክ በሳምንት ከ32 ሰዓት በላይ የሚነዱት ሲሶ ያህሉ ሹፌሮች ብቻ እንደሆኑ፣ ከጉዞው ሁሉ 55 በመቶውን የሚሠሩት ግን እነሱ እንደሆኑ አገኙ። ስለዚህ «አብዛኛው ሹፌር የትርፍ ጊዜ ነው» የሚለውም «አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የሙሉ ጊዜው ነው» የሚለውም ትክክል ነው። ጠበቃ ቢቀጥሩ ሁለቱም ያሸንፋሉ።

የጠቡ ሥር ግን ያለው በመኪናው ሒሳብ ውስጥ ይመስለኛል።

በዚያው በ2020 ክረምት ስለዚያችው ከተማ ሹፌሮች ሁለተኛ ጥናት ወጣ። ይህኛው ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ መረጃውንም ያገኘው ከኡበርና ከሊፍት ነው። ፓሮትና ራይክ ሹፌሩ ወጪው ተቀንሶ በሰዓት 10 ዶላር እንኳ አይደርሰውም ሲሉ ኮርኔሎች ከ23 ዶላር በላይ ይደርሰዋል አሉ። አንድ ከተማ፣ አንድ ሥራ፣ ከእጥፍ በላይ ልዩነት። ከልዩነቱ የተወሰነው የመጠበቂያ ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ትልቁ ድርሻ ግን የመኪና ወጪ ነው። የሲያትሉ፣ ማለትም የፓሮትና የራይክ ጥናት፣ መኪናው ለሥራው የተገዛ ነው ብሎ ተነሣ። የወር ክፍያው፣ ኢንሹራንሱ፣ እርጅናው ሁሉ ተቆጠረ። የኮርኔሉ ደግሞ ብዙው ሹፌር መኪናውን ባይሠራበትም ይገዛው ነበር፤ ስለዚህ የሚቆጠረው ተጨማሪው ወጪ ብቻ ነው አለ።

የትኛው ልክ ነው? ለትርፍ ጊዜው ሰው የኮርኔሉ ይቀርበዋል። ካምሪው ለልጆቹ ትምህርት ቤትና ለእሑድ ቅዳሴ የተገዛ ነው፤ ዓርብ ማታ የሚሠራበት ጋዙን (ቤንዚኑን) ሸፍኖ ጥቂት ከተረፈው ትርፍ ነው። ለሙሉ ጊዜው ሰው የሲያትሉ ይቀርበዋል። በዓመት ሃምሳና ስድሳ ሺህ ማይል የሚነዳ ሰው መኪና እየበላ ነው የሚኖረው፤ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ዘይቱ፣ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ መኪናው ራሱ። ኩባንያው ግን ለሁለቱም የሚልከው አንድ ዓይነት ዋጋ ነው። ያ ዋጋ ሰው እስካመጣ ድረስ ከፍ የሚልበት ምክንያት የለም፤ ሰው የሚያመጣውም «ጋዙን ከሸፈነልኝ ይበቃኛል» የሚለው ሰው ነው። በሌላ አነጋገር የጉዞው ዋጋ የሚቆረጠው ትንሹ ወጪ በሚታየው ሰው ልክ ነው፤ ከዚያ ዋጋ ላይ ሙሉ ወጪውን የሚከፍለው ሌላው ነው።

«በሚታየው» ያልኩት አውቄ ነው። የትርፍ ጊዜው ሰው ወጪ ትንሽ አይደለም፤ የዘገየ ነው። የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት በ2025 ለሥራ የተነዳ አንድ ማይል 70 ሳንቲም ከገቢ እንዲቀነስ ይፈቅድ ነበር። ይህ ቁጥር የመጣው ከጋዝ ብቻ ሳይሆን ከእርጅናም፣ ከጥገናም፣ ከኢንሹራንስም ነው። ባዶውን የተነዳውን መንገድ ጨምሮ በዚህ ቢያሰላው ዓርብ ማታ ያገኘው ገንዘብ ከፊሉ ከራሱ መኪና ላይ የተሸረፈ መሆኑን ያያል። ኢንሹራንሱም አለ። አብዛኛው የግል መኪና ኢንሹራንስ አፑ በርቶ ጥሪ በሚጠበቅበት ሰዓት የደረሰን አደጋ አይሸፍንም፤ የኩባንያው ሽፋን ደግሞ በዚያ ሰዓት ከሌላው ጊዜ ያነሰ ነው። ለዚህ ክፍተት ተጨማሪ ውል የሚገዛው በብዛት የሙሉ ጊዜው ሹፌር ነው። ሌላው እስካልተጋጨ ድረስ ክፍተቱ መኖሩንም አያውቅ ይሆናል። እንግዲህ የሙሉ ጊዜው ሹፌር «ገበያ አበላሸብን» የሚለው ሰው ሳያውቅ ለኩባንያው ከኪሱ የሚደጉም ሰው ነው።

አንድ ክስ ግን አልቀበልም። «የትርፍ ጊዜዎቹ ያገኙትን ርካሽ ጉዞ ሁሉ ስለሚቀበሉ ዋጋ ይወርዳል» የሚለውን። ከ2022 ወዲህ በብዙ ከተሞች ሹፌሩ ከመቀበሉ በፊት የሚከፈለውን ያያል። ስምንት ዶላር ለሃያ አምስት ደቂቃ ሲመጣ በቀላሉ «አልፈልግም» ማለት የሚችለው ማን ነው? ሌላ ደመወዝ ያለው ነው። የመኪና ክፍያው ሐሙስ የሚደርስበት ሰው፣ የሳምንት ቦነሱን ለማግኘት ዐሥር ጉዞ የቀረው ሰው፣ በኡበር ፕሮ (ኡበር ለሹፌሮች ባወጣው የሽልማት ፕሮግራም) የፕላቲነም ደረጃው እንዳይወርድበት የሚሰጋ ሰው እየመረረውም ይቀበላል። ቦነሱም ደረጃውም የተሠራው ብዙ ለሚነዳ ነው። የትርፍ ጊዜው ሰው ዋጋ የሚያወርደው ቁጥሩን በማብዛት ነው እንጂ ርካሽ ጉዞ በመቀበል አይደለም።

የብዛት ነገር ደግሞ ጨካኝ ነው። የኡበር ኢኮኖሚስቶች ራሳቸው የተሳተፉበት አንድ ጥናት በተለያዩ የአሜሪካ ከተሞች መነሻ ታሪፉ ሲጨምር ምን እንደሚሆን ተመለከተ። መጀመሪያ የሹፌሩ የሰዓት ገቢ ይወጣል። ወሬው ይዛመታል፣ ሰው ረዘም ላለ ሰዓት ይነዳል፣ ባዶ መዞሩ ይበዛል። ስምንት ሳምንት ገደማ ሲሞላ የሰዓት ገቢው ወደነበረበት ይመለሳል። በሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ታሪፍ መጨመር ብቻውን ለሙሉ ጊዜው ሹፌር ሁለት ወር የማይሞላ እፎይታ ነው።

እንግዲህ በሩን መዝጋት ነው መፍትሔው? ኒው ዮርክ ሞክራዋለች። እዚያ ማንም ሰው ተነሥቶ ኡበር አይነዳም፤ ከከተማው የታክሲና ሊሙዚን ኮሚሽን የሹፌር ፈቃድ፣ ልዩ ታርጋና የንግድ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። ስለዚህ የቅዳሜ ብቻ ሹፌር እዚያ ብርቅ ነው። በኦገስት 2018 ደግሞ ከተማው አዲስ የመኪና ፈቃድ መስጠት አቆመ፤ ከፌብሩዋሪ 2019 ጀምሮ ሹፌሩ ወጪው ተቀንሶ በሰዓት 17 ዶላር ከ22 ሳንቲም እንዲደርሰው ተደረገ። ስሌቱ ባዶ የሚጠበቅበትን ሰዓት ጭምር ዋጋ ውስጥ ያስገባ ስለነበር ኩባንያዎቹ ባዶ የሚዞር ሹፌር አፑ ላይ እንዲኖር አልፈለጉም። ሊፍት በዚያው ዓመት በጁን፣ ኡበር በሴፕቴምበር፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ አፑን በሹፌሩ ላይ መዝጋት ጀመሩ። ሹፌሩ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሥራ እስኪከፈትለት ስልኩን ማየት ሆነ ሥራው። ታርጋውም ራሱን የቻለ ንብረት ሆነ፤ ያለው ያከራያል፣ የሌለው በየሳምንቱ ይከፍላል። በትርፍ ጊዜና በሙሉ ጊዜ መካከል የነበረው ጠብ በባለ ታርጋና በተከራይ መካከል ወዳለ ጠብ ተለወጠ ማለት ይቻላል።

ካሊፎርኒያ በሌላ መንገድ ሄደች። በ2019 የወጣው ኤቢ 5 የተባለው ሕግ ሹፌሮቹን ተቀጣሪ ሊያደርጋቸው ሲል ኩባንያዎቹ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሰው በኖቬምበር 2020 ሹፌሮቹ ተቀጣሪ አይደሉም የሚለውን ፕሮፖዚሽን 22ን በሕዝብ ድምፅ አሳለፉ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በጁላይ 2024 አጸናው። የዘመቻው ፊት የትርፍ ጊዜው ሹፌር ነበር፤ ተማሪው፣ እናቲቱ፣ ጡረተኛው። «ተቀጣሪ ከሆናችሁ ሺፍት ይወጣባችኋል» ተባለ፤ የሙሉ ጊዜ ሹፌሮችም ብዙዎቹ በዚህ ፈርተው ደገፉት። ሕጉ የሰጠውን እንይ። ከአካባቢው ዝቅተኛ ደመወዝ 120 በመቶና ለማይል 30 ሳንቲም (በኋላ ከኑሮ ውድነት ጋር የሚስተካከል)። ግን የሚቆጠረው ጥሪ ከተቀበሉበት ደቂቃ ተሳፋሪው እስከሚወርድበት ደቂቃ ያለው ብቻ ነው። መጠበቅ አይቆጠርም።

የሚጠብቀው ማን ነው? ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ያለው ሰው ነው። ዓርብ ማታ ብቻ የሚወጣው ተሳፋሪ አውርዶ ሌላ እስኪያነሣ ብዙ አይቆይም፤ ሰዓቱ ሁሉ ማለት ይቻላል ይቆጠርለታል። ስለዚህ ለሁሉም እኩል የተጻፈው አንቀጽ ለአንዱ የሙሉ ሰዓት ዋስትና፣ ለሌላው የከፊል ሰዓት ዋስትና ሆነ። የጤና ኢንሹራንስ ድጎማውም በሳምንት 15 ሰዓት ለሠራ ግማሹን፣ 25 ሰዓት ለሠራ ሙሉውን ይላል፤ እዚህም ሰዓቱ ያው የተሳፋሪ ሰዓት ነው። ሃያ አምስት የተሳፋሪ ሰዓት ለመሙላት ከዚያ በጣም የበለጠ ጊዜ መንገድ ላይ መዋል ያስፈልጋል።

ይህ ታሪክ ለሐበሻው ሁለተኛ ዙር ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲያትልና በዴንቨር የታክሲውን ሥራ ለዓመታት ተሸክመው ከኖሩት ውስጥ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። በ2012 ክረምት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሊፍት፣ ከዚያም ኡበር ኤክስ (የኡበር ርካሹ አገልግሎት)፣ የግል መኪና ያለውን ሁሉ ወደ ሥራው ሲያስገቡ የጮኹት እነሱ ነበሩ። ፈቃድ የገዛነው፣ የንግድ ኢንሹራንስ የምንከፍለው፣ አሻራ የሰጠነው እኛ፤ እነዚህ ደግሞ ከየት የመጡ ናቸው? ካሊፎርኒያ በ2013 አዲሱን ሥራ በራሱ ስም ሕጋዊ አደረገችው፤ ሌሎቹ ግዛቶችም ተከተሉ፤ ታክሲ ነጂውም ብዙው ቢጫውን መኪና ትቶ ወደ አፑ ገባ። ዛሬ ስለ ቅዳሜ ሹፌር ሲማረሩ ከምንሰማቸው መካከል ያኔ ታክሲ ነጂዎቹ «የትርፍ ጊዜ ጀማሪ» ያሏቸው አሉ። ምሬቱ አንድ ነው፤ ወንበሩን የያዘው ሰው ብቻ ተለወጠ።

በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ደግሞ ሁለቱ ወገኖች ባዕድ አይደሉም። አንድ ቤት ውስጥ አባት ሙሉ ቀን ይነዳል፣ የእህቱ ልጅ ከፓርኪንግ ሥራው በኋላ ማታ ማታ ይነዳል። አዲስ የመጣ ሰው ወረቀቱን ይዞ መንጃ ፈቃድ እንዳወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ኡበር ጀመርክ ወይ?» ነው። ጠያቂው ራሱ ሹፌር ነው፤ ገበያው ሞልቷል ብሎ ሲያማርር የዋለ ሹፌር። ዘመድን ሥራ ማስገባትና ገበያ መጥበቡን ማልቀስ በአንድ አፍ ይወጣሉ። በዚህ አልፈርድም፤ ሌላ በር የት አለና። ማኅበር የሚያደራጁት ሰዎች ግን ይህን ካልተረዱ የቅዳሜውን ሹፌር በጠላትነት ፈርጀው ስብሰባ ሲጠሩ ግማሹ ሰው ለምን እንደማይመጣ አይገባቸውም።

ከሞከሩት ሁሉ ለሁለቱም ይቀርባል የምለው ሲያትል ያደረገችው ነው። ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ተሳፋሪ ላለበት ጉዞ በደቂቃ 56 ሳንቲም፣ በማይል 1 ዶላር ከ33 ሳንቲም ዝቅተኛ ዋጋ ተቆረጠ። በ2022 የወጣው የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ይህን አሠራር ወደ ግዛቱ ሁሉ አሰፋው፤ 40 የተሳፋሪ ሰዓት ለሠራ አንድ ሰዓት የሕመም ፈቃድ ከክፍያ ጋር ጨመረ። በልዋጩ ከተሞች በጉዳዩ ላይ የራሳቸውን ደንብ እንዳያወጡ ተከለከሉ፤ ሹፌሮቹም ተቀጣሪ አይደሉም ተባለ። ውድ ልዋጭ ነው። ግን ጥቅሙ ከሚሠራው ሥራ ጋር እኩል ይሄዳል። ሁለት ጉዞ የሠራ የሁለት ጉዞ ዋጋ፣ ሁለት መቶ የሠራ የሁለት መቶ ዋጋ ያገኛል፤ የማይል ዋጋው ውስጥ የመኪናው እርጅና ስላለ የትርፍ ጊዜው ሰውም የዘገየው ወጪው ይከፈለዋል። መጠበቂያውን በቀጥታ አለመክፈሉ ጉድለቱ ነው፤ የጉዞው ዋጋ ሲወደድ ተሳፋሪ ይቀንሳል የሚለው የኩባንያዎቹ ቅሬታም ባዶ አይደለም።

የድምፁ ጥያቄ ደግሞ ወደ ማሳቹሴትስ ሄዷል። በኖቬምበር 2024 መራጩ ሕዝብ የራይድሼር ሹፌሮች ተቀጣሪ ሳይሆኑ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። ካሊፎርኒያም በኦክቶበር 2025 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ከ800 ሺህ በላይ ለሆኑ ሹፌሮች በሩን ከፈተች። የማሳቹሴትሱ ሕግ ሲያትልን ያስጨነቃትን ጥያቄ በሒሳብ ፈታው። ባለፉት ስድስት ወራት የሹፌሮች የጉዞ ብዛት ተደርድሮ ከመካከለኛው ቁጥር በላይ የሠሩት «ንቁ ሹፌር» ይባላሉ፤ የትኛው ማኅበር ይወክለን የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ድርድሩ አልቆ ውሉ ሲመጣ ግን ባለፈው ሩብ ዓመት 100 ጉዞ የሠራ ሁሉ ድምፅ ይሰጥበታል። ማለትም ተደራዳሪውን የሚመርጡት ብዙ የሚነዱት ናቸው፤ ውሉን የሚያጸድቁት ግን በሳምንት ስምንት ጉዞ የሚሠሩትም ጭምር ናቸው። ብልኅ አከፋፈል ነው። በትርጓሜው ግማሹን ሹፌር ከመጀመሪያው ምርጫ ማስወጣቱ ቅር የሚያሰኘው ሰው እንደሚኖር ባውቅም፣ ለኑሮው የሚነዳ ሰው ስለ ኑሮው ቀድሞ ይናገር ማለት ነውር አይመስለኝም።

ይህ ስሌት ያልገመተው አንድ ነገር አለ። ሹፌር አልባው የዌይሞ ታክሲ በፊኒክስ፣ በሳን ፍራንሲስኮና በሎስ አንጀለስ ይሠራል፤ በኦስቲንና በአትላንታ ደግሞ በኡበር አፕ ይጠራል። እንዲህ ያለ ውድ መኪና የሚያዋጣው ቀኑን ሙሉ ከሠራ ነው፤ ለዓርብ ማታ ብቻ ተብሎ ተጨማሪ ሺህ መኪና አይገዛም። ስለዚህ በሚደርስበት ከተማ ሁሉ መጀመሪያ የሚወስደው ማክሰኞ ስምንት ሰዓትን ነው፤ ለሰው የሚተርፈው ገበያው ከመጠን በላይ የሚሞላበት ሰዓት ነው። ያ ሰዓት ደግሞ የትርፍ ጊዜው ሹፌር ሰዓት ነው። ቀን የሚነዱት እየቀነሱ ሲሄዱ የጉዞው መካከለኛ ቁጥርም አብሮ ይወርዳል፤ እንደ ማሳቹሴትስ ያለው ሕግ ሳይነካ፣ አንድ ቃል ሳይለወጥ፣ «ንቁ ሹፌር» የሚባለው በሳምንት ሁለት ማታ የሚነዳው ሰው ይሆናል።